የጎመን ምንቸት አይውጣ

(ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ገበሬዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አንድ የእርሻ ልማት ሠራተኛ ያሰማው ንግግር)



ብዙ አላቆያችሁም። የምነግራችሁ ነገር ሩቅ አገር የሚያስኬድ አይደለም። ከቤታችሁ በስተጀርባ ያለ ነገር ነው። ስለ ጓሮ ነው የምነግራችሁ።

መስከረም ሲጠባ በየቤቱ የምንላት አንዲት አባባል አለች። «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እንላለን። ለምን እንደምንል ሁላችንም እናውቃለን። ክረምት ክፉ ነው። ጎተራው ይራቆታል። እህል እስኪደርስ ድረስ ጎመን እየቀቀልን እንከርማለን። አዲሱ እህል ብቅ ሲል ደስ ይለንና ጎመንን «በል ውጣልን» እንለዋለን።

ማን ረኃብን ይወዳል? አባባሉ እውነት አለው። ነገር ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥፋተኛው ማን ነበር? ጎመኑ ነው ወይስ ባዶው ጎተራ? ጎመንማ በክፉ ቀን አብሮን የከረመ ወዳጅ ነው። እኛ ግን ደግ ቀን ሲመጣ የምናባርረው እሱን ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ይታዘበን ነበር።

ደግሞ ሌላም አባባል አለን። «ጎመን በጤና» እንላለን። አንዱ አባባል ጎመንን ያስወጣል፤ ሌላው ያስገባል። እኔ ዛሬ ሁለቱን አባባሎች ላስታርቅ ነው የመጣሁት። ገንፎው ይግባ፤ የጎመኑም ምንቸት አይውጣ እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

በር ላይ የምትቀመጠው ልጅ

ይህ በእኛው ቤት የሆነ ነገር ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ያኔ ከብት ጠባቂ ነበርሁ። ታናሽ እኅቴ አራት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ቀን ቀን ጥጃ ስታባርር፣ ስትሮጥ ትውላለች። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በሩ ሥር ትቀመጥና ግድግዳውን ትይዛለች። ስንጠራት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ እየዳበሰች ትመጣለች። እኛ ልጆቹ «ዶሮ ናት፣ ሲመሽ አታይም» እያልን እንስቅባት ነበር።

ከጎረቤት አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። ሌላው «ሰው በልቷት ነው» አለ። አንድ ማታ እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ድምፅ ተከትላ ተነሣች። ምድጃው አልታያትም። በእጇ እሳቱ ውስጥ ወደቀች። የዚያን ዕለት የጮኸችው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳቀም።

በሰፈራችን አንዲት ባልቴት ነበሩ። «ዳፍንት ነው፤ ጉበት አብሏት» አሉ። አባቴ ከየትም ብሎ ጉበት አመጣ። ተጠብሶ በላች። ጥቂት ቀን ቆይታ ማታ ማታ ማየት ጀመረች። ነገር ግን ጉበት በየቀኑ ከየት ይመጣል? በሚቀጥለው ክረምት ሕመሙ ተመለሰባት። በመጨረሻ አባቴ አዝሎ ሐኪም ቤት ወሰዳትና ዳነች። ዓይኗ ተረፈ። እጇ ላይ ያለው ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ልብ በሉ። በዚያው ጊዜ አመድ ከምንደፋበት ቦታ ላይ ማንም ሳይዘራው አንድ ዱባ በቅሎ ነበር። ፍሬው ሲሰነጠቅ ውስጡ ቢጫ ነው። እኛ ምን አደረግነው? ለጥጃ ሰጠነው። «ይህ የከብት ነው» አልን። ጎመኑንም መስከረም ሲጠባ ነቅለን ጣልነው። መድኃኒቱ ከበራችን አሥር እርምጃ ላይ ነበር። እኛ ግን አላወቅነውም። የእኅቴን እጅ ያቃጠላት ዓይነ ጥላ አይደለም፤ አለማወቃችን ነው።

ዳፍንት ከምን ይመጣል?

ሰውነታችን ቫይታሚን ኤ የሚባል ነገር ይፈልጋል። ይህ ነገር በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በቅቤ ውስጥ ይገኛል። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር ደግሞ በጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ውስጣቸው ቢጫ ወይም ብርቱካንማ በሆኑ አትክልቶችና ፍሬዎች ውስጥ አለ። እነዚህም ጎመን፣ ቆስጣ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ፓፓያና ማንጎ ናቸው።

ይህ ምግብ ሲያንስ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ዳፍንት ነው። ልጁ ሲመሽ አያይም። ዝም ከተባለ ዓይኑ ይደርቃል። ቀጥሎ ብሌኑ ይቆስላል። ከዚያ በኋላ የጠፋ ብርሃን አይመለስም። ደግሞ ጉዳቱ በዓይን ብቻ አያበቃም። ይህ ምግብ ያነሰው ልጅ ኩፍኝና ተቅማጥ ሲይዘው ለመቋቋም አቅም ያንሰዋል።

እንጀራና ሽሮ ሆድ ይሞላሉ፤ ኃይልም ይሰጣሉ። ለዚህ ግን አይበቁም። ስለዚህ «ልጄ ጠግቧል» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ምን በልቶ ጠገበ? ብለን መጠየቅ አለብን።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ሲመሽ የማያይ ልጅ ካያችሁ ጎመን እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚሰጥ የቫይታሚን ኤ እንክብል አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ጓሮው ሕመሙ እንዳይመጣ ይከላከላል፤ የሕክምናን ቦታ ግን አይወስድም።

ቦታ የለኝም ለሚል

«መሬቴ ጠባብ ነው፤ ጤፍ የምዘራበት እንኳ አይበቃኝም» የምትሉ አላችሁ። እኔ ማሳችሁን ስጡኝ አላልሁም። ስፋቱ 2 ክንድ፣ ርዝመቱ 10 ክንድ የሆነ ቦታ ብቻ ይበቃል። በሜትር ሲለካ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል ነው። አንድ በሬ ተኝቶ የሚያመነዥግበትን ቦታ እጥፍ ቢሆን ነው።

ስፋቱ ለምን 2 ክንድ ብቻ ሆነ? ከግራና ከቀኝ ሆናችሁ እጃችሁ መካከሉ ድረስ እንዲደርስ ነው። ስታርሙም ስትለቅሙም መደቡን አትረግጡትም። የተረገጠ አፈር ይደድራል፤ ሥር አያስገባም።

እስቲ ደብተራችሁን አውጡና ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ጎመን በመደቡ ላይ በ3 መስመር ይተከላል። በአንዱና በሌላው ተክል መካከል 2 ስንዝር ይተዋል። እንዲህ ከሆነ በአንድ መስመር 12 ተክል ይገባል። 12 በ3 ሲባዛ 36 ይሆናል። ከእያንዳንዱ ተክል በሳምንት 2 ቅጠል ብትለቅሙ 72 ቅጠል ነው። ይህ ለአንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን ወጥ ይሆናል። ያውም ሳትገዙ።

ጎመንን ከነሥሩ አትንቀሉት። ከታች ያሉትን ቅጠሎች ልቀሙ፤ ጫፉን ተዉለት። ጫፉ እስካለ ድረስ ደጋግሞ ይሰጣል።

ይህ የጓሮ ነገር ከውጭ የመጣብን ትምህርት እንዳይመስላችሁ። ጉራጌና ሲዳማ አገር የሄደ ሰው እንሰቱ ቤቱን ከብቦ ቆሞ ያያል። የከብቱ ፍግ ከበረቱ ወጥቶ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። ኮንሶ አገር ሽፈራውን በየደጃፋቸው ይተክላሉ፤ ቅጠሉን ይመገቡታል። በእኛም ጓሮ ጌሾና ጤና አዳም፣ በሶብላና ድንብላል ጠፍተው አያውቁም። ለወጡ ማጣፈጫ ቦታ ካገኘን፣ ለወጡ ቦታ እናጣለን?

መደቡን ማዘጋጀት

ፀሐይ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። ከትልቅ ዛፍ ሥር አትሥሩ። ዛፉ ብርሃኑንም ውኃውንም ይሻማችኋል። አፈሩን አንድ ክንድ ያህል ወደ ታች ቆፍሩ። ድንጋዩንና የሰርዶውን ሥር ልቀሙ። በክረምት ውኃ እንዳይተኛበት መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት። በጋ ላይ ደግሞ ውኃው እንዳይሸሽ ዝቅ ያለ መደብ ይሻላል።

ከዚያ ፍግ ጨምሩበት። ፍጉ ግን የቆየና የበሰበሰ ይሁን። ትኩስ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል።

ከብት የሌለው ሰው ብስባሽ ይሥራ። ጥላ ሥር ቦታ ይምረጥ። ከሥር ጭራሮ ያንጥፍ። በላዩ ደረቅ ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ ቀጥሎ ጥቂት እበት ወይም የዶሮ ኩስ፣ ቀጥሎ አፈርና ትንሽ አመድ እየደረደረ ይከምር። ዘር ያፈራ አረም አይጨምር። ክምሩን ውኃ ያርከፍክፍበትና በቅጠል ይሸፍነው። በየሦስት ሳምንቱ ያገላብጠው። በሦስት ወይም በአራት ወር ውስጥ ጥቁር ለም አፈር ይሆናል። ቤት ተጠርጎ የሚደፋው ቆሻሻ ብልቃጥ፣ ብረትና ፕላስቲክ ከተለቀመለት ሁሉም ሀብት ነው።

ስለ ዘር፤ ፊደል የሚጠቅምበት ቦታ

አሁን ደግሞ የተማራችሁት ትምህርት የሚሠራበት ጉዳይ ላይ ደረስን።

አንዲት የማውቃቸው እናት በ2013 ዓ.ም. ከገበያ የሽንኩርት ዘር ገዙ። ዘሩ በታሸገ ቆርቆሮ ነው። እኝህ እናት ማንበብ ተምረዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ዝም ብለው አልገዙም። ቆርቆሮውን ገልበጥ አድርገው ዘሩ የሚያበቃበትን ጊዜ አነበቡ። 2019 ይላል። «አሁን 2013 ነው፤ ገና ስድስት ዓመት አለው» ብለው ደስ እያላቸው ገዙ። ዘሩት። ውኃ አጠጡት። አንድም አልበቀለም።

ምን ሆነ? ቁጥሩን በትክክል አንብበዋል። ነገር ግን ቁጥሩ የተጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የፈረንጆች 2019 ያለቀው በእኛ 2012 ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። ዘሩ ጊዜው አልፏል። እኝህ እናት ስንት እንቁላል ሸጠው ያጠራቀሙት ገንዘብ አፈር ውስጥ ቀረ።

ስለዚህ ይህን በደብተራችሁ ጻፉት። በፈረንጆች የተጻፈውን ዓመት ወደ እኛ ለማምጣት 8 ቀንሱ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ ግን የሚቀነሰው 7 ነው። ካልገባችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይጠይቁ መክሰር ነው።

የቤት ዘርም ቢሆን ሳትፈትኑ አትዝሩ። 10 ፍሬ ቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ጨርቁ እንዳይደርቅ ጠብቁ። ከሳምንት በኋላ ፍቱትና ቁጠሩ። 8 ወይም ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ዘር ነው። 5 ብቻ ከበቀለ ወፈር አድርጋችሁ ዝሩ። 2 ወይም 3 ከሆነ ተዉት። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል፤ ከአንድ ዓመት በላይ አታቆዩት። የጎመን ዘር ግን በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ሦስት አራት ዓመት ይቆያል።

ጎመን፣ ሽንኩርትና ቲማቲም መጀመሪያ በችግኝ መደብ ላይ ይፈላሉ። በቀጭን መስመር ዘርታችሁ ላም አፈር አልብሷቸው። እስኪበቅሉ ድረስ በሣር ሸፍኗቸው። ሲበቅሉ ሣሩን አንሱ። ጎመኑ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ አዛውሩት። አዛውራችሁ የምትተክሉት ወደ ማታ ወይም ደመና ባለበት ቀን ይሁን። ካሮትና ቀይ ሥር ግን በቀጥታ በመደቡ ላይ ይዘራሉ። ካሮት ከተነቀለ በኋላ ቢተከል ሥሩ ይጣመማል። ሲበቅል ግን ያሳሱት። ካልሳሳ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

መቼ እንዝራ? ግንቦት መጨረሻ ላይ ያፈላችሁት ጎመን ሐምሌ ላይ ይተከላል፤ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ይደርሳል። ጥቅምት ላይ ያፈላችሁት ኅዳር ላይ ይተከላል፤ ለሁዳዴ ጾም ይደርሳል። በደጋ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ አለ። ለጋውን ችግኝ ማታ ማታ በሣር አልብሱት።

ጀሪካኑን ማን ይሸከም?

እንግዲህ ወደ ከባዱ ጉዳይ መጣን። ዝናብ ሲያቆም ያ መደብ በቀን እስከ 20 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ያንን ጀሪካን ማን ይሸከመዋል?

ዝም አላችሁ። መልሱን ስለምታውቁት ነው። እናንት እናቶች ከምንጭ ስትመለሱ ጀርባችሁ ጎብጦ ነው። እኔ እዚህ ቆሜ «አትክልት ትከሉ» ብዬ በጀርባችሁ ላይ ሌላ ጀሪካን ከጨመርሁ ጠቀምኋችሁ አይባልም። አባቶች ሆይ፣ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። አህያ ያለው አህያውን ይስጥ። አህያ የሌለው ጫንቃውን ይስጥ። ቅጠሉን የሚበላው ቤተሰቡ ሁሉ ከሆነ ውኃውንም ቤተሰቡ ሁሉ ያምጣ። ከጓሮው የሚሸጥ ነገር ካለም በገንዘቡ ላይ ባልና ሚስት ተመካክረው ይወስኑ።

ደግሞ ሸክሙን ማቅለያ መንገድ አለ።

አንደኛ፣ እጅ የታጠባችሁበትን፣ እህልና አትክልት ያጠባችሁበትን ውኃ አትድፉ። በአንድ ገንዳ አጠራቅሙት። ብዙ ሳሙና የገባበትን ግን ተዉት። ይህን ውኃ በአፈሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ሰላጣና ካሮት ጥሬያቸውን ስለሚበሉ ለእነሱ ንጹሕ ውኃ ስጡ።

ሁለተኛ፣ በተክሉ ሥር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ። ጉዝጓዝ ፀሐይ አፈሩን እንዳትመጥጠው ይከለክላል።

ሦስተኛ፣ በጠዋት ወይም በማታ አጠጡ። በቀትር የተደፋ ውኃ ለፀሐይ ነው እንጂ ለተክል አይደለም።

አራተኛ፣ ውኃ ሩቅ ከሆነ በበጋ 36 ተክል አትያዙ። 10 ተክል ያዙ። የተጠማ 36 ተክል ከሚኖራችሁ የረካ 10 ይሻላል።

በኬሻ ውስጥ መትከል

ጓሮ የሌለው ሰውም አለ። ከተማ ዳር በኪራይ የሚኖር፣ ግቢው ድንጋይ የሆነበትም አለ። እሱስ ምን ያድርግ? ኬሻ ይፈልግ። መርዝ ወይም የተባይ መድኃኒት ያልነካው ኬሻ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት እጅ ጥሩ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ ቀላቅሉ። አፈሩ መረሬ ከሆነ ጥቂት አሸዋ ጨምሩበት። ታችና ላዩ የተከፈተ ትልቅ ጣሳ በኬሻው መካከል አቁሙ። ጣሳውን በጠጠር ሙሉት፤ ዙሪያውን በአፈር ሙሉት። ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳብ አድርጉና እንደገና እንዲሁ ሙሉ። ኬሻው እስኪሞላ ድረስ ቀጥሉ። ጣሳው ሲወጣ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ምሰሶ ይቀራል። ውኃ ላይ ሲደፋ በጠጠሩ በኩል ወርዶ ለሁሉም ይደርሳል።

ቀጥሎ የኬሻውን ጎን በአንድ አንድ ስንዝር ርቀት በስለት ቅደዱ። በየቀዳዳው የጎመን፣ የቆስጣ ወይም የሰላጣ ችግኝ አስገቡ። በላዩም ላይ ሦስት አራት ችግኝ ትከሉ። እንዲህ ሲደረግ ሰው የሚቆምበትን ያህል ቦታ ብቻ የያዘ ኬሻ ከ15 በላይ ተክል ይይዛል። ፍየልና ዶሮ እንዳይደርሱበት ከፍ ባለ ቦታ አቁሙት።

ተባይና ጠላት

የጓሮ የመጀመሪያ ጠላቷ ዶሮ ናት። ሁለተኛዋ ፍየል ናት። ስለዚህ ከዘሩ በፊት አጥሩ ይቅደም። እሾህ ይበቃል።

ጎመን ላይ ክሽክሽ ይወጣል። በየቀኑ የቅጠሉን ጀርባ እዩ። ጥቂት ሳለ በጣት ጨፍልቁት። ከበዛ ውኃ በጥቂት ሳሙና በጥብጣችሁ ርጩበት፤ ከመብላታችሁ በፊት በደንብ እጠቡ። ችግኙን ከሥሩ የሚቆርጥ ትል ካለ ጠዋት አፈሩን ጫር ጫር አድርጉ፤ ከተቆረጠው ችግኝ አጠገብ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በችግኙ ዙሪያም አመድ ነስንሱ። በአንድ መደብ ላይ ጎመንን ደጋግማችሁ አትትከሉ። ዘንድሮ ጎመን የነበረበት ላይ ለከርሞ ካሮት ወይም ባቄላ ይሁን።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ለማሳ ወይም ለጎተራ የገዛችሁትን መርዝ ለልጅ በምትሰጡት ጎመን ላይ አትርጩ። ልጅን ከዳፍንት አድናለሁ ብሎ መርዝ ማብላት ምን ይባላል?

ስለ ፍሬ ዛፍ

ጎመን በሁለት ወር ይበላል። የፍሬ ዛፍ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በቆላና ሞቅ ባለ ወይና ደጋ ፓፓያ ትከሉ፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ያፈራል። ፓፓያ ወንዴና ሴቴ አለው። እስኪያብብ ድረስ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክላችሁ ሲያብብ ሴቴውን አስቀሩ። ለሰፈሩ አንድ ሁለት ወንዴ ይበቃል። ማንጎ ለቆላ ነው። ሎሚና አቮካዶ ለወይና ደጋ ይስማማሉ። ከጥሩ ዛፍ የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ ካገኛችሁ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል። በደጋ አፕል አለ፤ በጋሞ ደጋ ጨንቻ ያሉ ገበሬዎች ከፍሬውም ከችግኙም ይጠቀማሉ።

ከጓሮ ወደ ድስት

የበቀለው ሁሉ ካልተበላ ምን ዋጋ አለው? ጎመንን ሳትከትፉት እጠቡት። ብዙ አታንተክትኩት። የቀቀላችሁበትን ውኃ አትድፉት፤ ብዙ ጠቃሚ ነገር ውስጡ ቀርቷል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት። ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ከሰውነት ጋር በደንብ አይዋሐድም።

ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው፣ ጡት ሳይቋረጥ፣ የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት አድቅቃችሁ በገንፎው ውስጥ አስገቡለት። አያችሁ? የገንፎው ምንቸትና የጎመኑ ምንቸት የታረቁት እዚህ ላይ ነው። ወላጆች ብትጾሙም ሕፃናት አይጾሙም። እንቁላልና ወተት ካለ ለእነሱ ስጡ።

ለመጨረሻ

ወገኖቼ፤ የእኔ ነገር አለቀ። የቀረው የእናንተ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጓሯችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩት። የት ላይ ፀሐይ እንደሚያርፍ ተመልከቱ። ከዚያ ደብተራችሁን ግለጡና በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የዘራችሁትን፣ የዘራችሁበትን ቀን፣ መጀመሪያ የለቀማችሁበትን ቀን። በሚቀጥለው ዓመት ያ ገጽ አስተማሪያችሁ ይሆናል። እኔን አትጠብቁም።

እኅቴ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ቤቷ ሄጄ ነበር። በሩ ደጃፍ ላይ ዱባ ተንሰራፍቷል፤ ጓሮዋ ጎመን ሞልቷል። ሲመሽ ልጆቿ በግቢው ውስጥ እየተሯሯጡ ይጫወታሉ። እሷ ጠባሳ ባለበት እጇ ጎመን እየቀነጠሰች «ምነው ዝም አልህ?» አለችኝ። «ልጆችሽን እያየሁ ነው» አልኋት። «እነሱም ያዩሃል» አለችኝ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ልጅቷን ዳፍንት የያዛት ለምን ነበር? በእናንተ ሰፈር ሲመሽ የማያይ ልጅ አለ? ካለ ምን ልታደርጉ ይገባል?

2. በዘር ቆርቆሮ ላይ 2019 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ አቆጣጠር ስንት ይሆናል?

3. በአንድ መደብ ላይ 36 ጎመን ቢኖርና ከእያንዳንዱ በሳምንት 3 ቅጠል ቢለቀም በሳምንት ስንት ቅጠል ይገኛል?

4. በእናንተ ቤት ውኃ የሚያመጣው ማን ነው? ሸክሙን እንዴት ልትካፈሉ ትችላላችሁ?